ሰላም ሁለት ሰው ይፈልጋል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን እንደ እሱ የሚወድ ሰው በአካባቢያችን ብዙ የለም። ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ ሐሳቡ ይበቃናል። ያለው በአጭሩ ይህ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ አእምሮው ተገናኝቶ እንደ አንድ ቢያስብ ጦርነት ይቀራል፣ ረሃብ ይቀራል፣ ብቸኝነት ይቀራል። የጋራ አእምሮን እንደ ጭራቅ የሚስሉት መጻሕፍትና ፊልሞች የፈረንጅ ግለኝነት የወለዳቸው ናቸው። በደቦና በእድር ያደግን እኛ ግን ልንፈራው አይገባም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጎጃም ተቀምጦ ይህን ሰላም እምቢ የሚል ሰው ካለ ጦርነትን ያላየ ሰው ነው ይላል።

እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አይቻለሁ። እምቢም እላለሁ።

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በየነጥቡ ልመልስልህ። የምስማማበት ቦታ ስደርስም እነግርሃለሁ። የውጭ መጻሕፍትንና ምርምሮችን ዓመት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ የአገራችንን በእኛው።

«ጦርነት የሚመጣው አእምሯችን ስለተለያየ ነው»

ከከባዱ ልጀምር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ እዚህ የኖረ ሰው ይህን ነጥብ እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይችልም። መንገድ ተዘጋ ሲባል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ዓመት ሲያልፍባቸው፣ ሰው ለዘመዱ ለቅሶ እንኳ መድረስ ሲያቅተው አይተናል። ስለዚህ «ሁላችንም አንድ ብንሆን ማን ማንን ይገድላል?» ብለህ ስትጠይቅ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድካም ነው። እኔም ደክሞኛል።

ግን መልሱን ቀስ ብለን እንየው። ማንም ማንንም አይገድልም፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ፤ ሁለተኛ ሰው የለማ። ሁለተኛ ሰው በሌለበት ግን ሰላምም የለም። ሰላም በሰውና በሰው መካከል የሚቆም ነገር ነው። እዚህ አገር ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ አንተም ታውቃለህ። ሽማግሌዎች ይገባሉ። ወደ ሟች ቤተሰብ ሄደው ይለምናሉ፣ ቤተሰቡ እምቢ ይላል፣ ይመለሳሉ፣ ካህን ጨምረው፣ መስቀል አስይዘው እንደገና ይሄዳሉ፣ ደጅ ይጠናሉ፣ አንዳንዱ ዕርቅ ወራት ይፈጃል። ያ ሁሉ ልመና ለምንድን ነው? የሟች ወንድም እምቢ ማለት ስለሚችል ነው። እምቢ ማለት እየቻለ እሺ ሲል ነው ደሙ የሚደርቀው። እምቢ ሊል ወደማይችል ሰው ሽማግሌ አይላክም። አንተ በምትመኘው ዓለም ሽምግልና የለም፤ የማያስፈልገውም ስለታረቅን ሳይሆን የሚታረቅ ሰው ስላልቀረ ነው።

ዋጋውንም ዘለህዋል። ለዚህ ሐሳብ ያነሳሳህ በ2025 በአፕል ቲቪ የወጣው «ፕሉሪበስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ እንደሆነ ጽፈሃል። እውነት ነው፣ እዚያ ያለው የጋራ አእምሮ ደግ ነው፣ ትሑት ነው፣ ሳትዋሐድ ለቀረችው ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለካሮል የፈለገችውን ሁሉ ሊያቀርብላት ይሯሯጣል። ግን ዓለም በተዋሐደበት ሰዓት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ሞቷል። የካሮል የሕይወት አጋር ሄለን ከእነሱ አንዷ ናት። ስለ ተዋሐዱት ሰዎች ፈገግታ በሰፊው ስትጽፍ ስለ ሙታኑ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም። በየትኛውም የዓለም ጦርነት ካለቀው ሕዝብ በላይ ያለቀበትን ቀን የሰላም መጀመሪያ ብዬ መጥራት አልችልም። አንተም በሌላ ጊዜ ብትሆን የምትችል አይመስለኝም።

በአርተር ክላርክ የ1953 «የልጅነት ማብቂያ» ላይም እንዲሁ ነው ያደረግከው። እስቲ መጽሐፉን መልሰህ ግለጠው። በዚያ ታሪክ ጦርነትን ያስቀሩት ከሌላ ዓለም የመጡት ገዥዎች ናቸው፣ ያስቀሩትም ሰው ሁሉ ገና የየራሱ አእምሮ እያለው ነው። ምድር ለአሥርተ ዓመታት ሰላምና ጥጋብ ሆና ኖራለች። ውሕደቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያውም በልጆቹ ላይ። ወላጆች ልጆቻቸው ዓይናቸው እያየ ሌላ ፍጥረት ሆነው ጥለዋቸው ሄዱ፤ በመጨረሻም ምድር ራሷ ጠፋች። ሰላሙ ቀድሞ መጥቶ ነበር እኮ፣ ውሕደቱን አልጠበቀም።

«እነዚህ ልብ ወለዶች የፈረንጅ ግለኝነት የወለዳቸው ናቸው»

ይህ ከታሪኩ ጋር አይሄድም። የዚህ ዓይነቱን ልብ ወለድ መንገድ ከከፈቱት ቀዳሚው የቭጌኒ ዛምያቲን ነው። ሩሲያዊ ነው፣ የመርከብ መሐንዲስ ነው፣ በወጣትነቱ ቦልሼቪክ ነበር፣ በ1905ቱ አብዮት ጊዜ በዛሩ መንግሥት ታስሯል። «እኛ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው በ1920ና በ1921 ነው፤ የታገለለት ወገን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ማለት ነው። በዚያ ዓለም ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። ቤቱ መስታወት ነው። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይነሳል፣ ጉርሻውን እንኳ እኩል ቁጥር ያኝካል። መጽሐፉ በአገሩ ታገደ። መጀመሪያ የወጣው በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ደራሲው በስደት ፓሪስ ላይ በ1937 ሞተ፤ መጽሐፉ አገሩ ውስጥ የታተመው በ1988 ነው።

ይህ ሰው ኅብረት የማያውቅ ግለኛ አልነበረም። ለኅብረት ብሎ የታሰረ ሰው ነው። የጻፈው ኅብረት እምቢ ማለትን ሲከለክል ምን እንደሚሆን ቀርቦ ስላየ ነው። እኛስ ብንሆን? በ1969ና በ1970 ዓ.ም. «አንድ መስመር ብቻ» ሲባል ምን እንደመጣ ለማወቅ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው መጠየቅ ይበቃል። ይህን ፍርሃት ከማንም አልተዋስነውም።

ደቦና እድርን ግን የጋራ አእምሮ አታድርግብኝ። ይህን ስታነጻጽር ከልቤ ነው ያዘንኩት። ወንፈልን አስበው። ዛሬ እኔ ካንተ ማሳ ዋልኩ፣ ነገ አንተ ከእኔ ማሳ ትውላለህ። ቀኑ ይቆጠራል። ጥማድ ይዞ የመጣና በባዶ እጁ የመጣ እኩል አይያዝም። ሰው ይቀራል፣ በመቅረቱም ይኮራረፋል። ደቦ ሲሆን ደግሞ ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ ወጡን ሠርቶ ይጠራል፤ የተጠራው ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል። ደቦ የሚሞላለት ሰው አለ፣ የሚጎድልበትም አለ፤ ገበሬው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፣ የሰውዬው ጠባይ ነው። እድርም መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ቀሪ ይቀጣል። ቅጣት የተጻፈው መቅረት ስለሚቻል ነው። ያንተ ሐዘን ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ውርጩን ችሎ ያደረ ጎረቤት ክብር የሚገባው ቤቱ ተኝቶ ማደር ይችል ስለነበረ ነው። ባንተ ዓለም ለቅሶ የሚደርስና ለቅሶ የሚደረስለት አንድ ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ነው ማለት ነው።

«ንቦችን ተመልከቱ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጽሑፍህን ካነበቡ ብዙ ሰዎች ያሸነፋቸው ይሄ ነጥብ ነው። ቀፎ አንድ አእምሮ ነው፣ ሰላም ነው፣ ከዚያም ላይ ማር ይሰጣል ብለሃል። ጓሯችን ቀፎ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ስለ ንብ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ሰላሙ። አዲስ አውራ ስትፈለፈል ተቀናቃኞቿን ነድፋ ትገድላለች። አበባ ሲጠፋ ድንጉላዎቹ፣ ወንዶቹ ንቦች ማለት ነው፣ ከቀፎ እየተጎተቱ ይባረራሉ፣ ውጭ ቀርተውም ይሞታሉ። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ብትጥል ሌሎቹ ሠራተኞች አግኝተው ይበሉባታል። ይህ እንግዲህ የምታደንቀው ሰላም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ አእምሮው። ንብ ተሰዶ ዛፍ ላይ ሲያርፍ አይተሃል፤ ሰው ቀፎ አጥኖ ሊይዘው ይሮጣል። መንጋው እዚያ ተንጠልጥሎ ምን እየጠበቀ ነው? ማርቲን ሊንዳወር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙኒክ ውስጥ ይህን ሲከታተል፣ መንጋው ላይ የሚጨፍሩት ንቦች ቆሽሸው አየ። አንዷ ጥላሸት፣ ሌላዋ የጡብ አቧራ ለብሳለች። የአበባ ዱቄት አይደለም። ከተማው በቦምብ ፈራርሷል፤ ንቦቹ ቤት ፍለጋ ወጥተው፣ ጭስ ማውጫና ፍርስራሽ ውስጥ ገብተው አይተው የመጡ ቃኚዎች ነበሩ። ጭፈራው አቅጣጫና ርቀት እንደሚናገር የሊንዳወር መምህር ካርል ፎን ፍሪሽ ቀድሞ ደርሶበታል፤ በ1973 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱም ይሄ ነው።

ከዚያ ቶማስ ሲሊ የተባለ አሜሪካዊ የሊንዳወርን ሥራ ቀጠለበት። ያገኘው ነገር ያንተን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል። አሥር ሺህ ገደማ ንብ ካለው መንጋ ቦታ የሚቃኙት ጥቂት መቶዎች ናቸው። እያንዳንዷ ያየችውን ቦታ ይዛ ትመጣለች፣ ለዚያ ቦታ ትጨፍራለች። ሌላዋ ጭፈራውን አይታ ዝም ብላ አታምንም፤ ራሷ በርራ ሄዳ፣ ገብታ፣ ለክታ ትመለሳለች፣ ከወደደችው ብቻ እሷም ትጨፍራለች። ከዚያም አልፎ የአንዱ ቦታ ደጋፊ የሌላውን ቦታ ጨፋሪ በግንባሯ ገጭታ፣ አጭር ድምፅ አሰምታ ታስቆማለች። አዎ፣ ትቃወማታለች። ክርክሩ ሰዓታት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀናት። በመጨረሻ አንዱ ቦታ ላይ በቂ ቃኚ ሲከማች መንጋው ይነሳል። ሲሊ ይህን በ2010 ባወጣው መጽሐፉ ዲሞክራሲ ብሎ ነው የጠራው። እና ብዙውን ጊዜ የተሻለውን ቦታ ይመርጣሉ። ለምን? ሁሉም አንድ ስላሰቡ ሳይሆን እያንዳንዷ በራሷ ሄዳ ስላየች ነው። ያለ መቃወምና ያለ ማጣራት የመጀመሪያዋ ጨፋሪ ወዳየችው ሁሉም ቢተም ኖሮ፣ ያቺ አንዷ ከተሳሳተች መንጋው ክረምቱን አይወጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ቀፎ ውስጥ እጮቹ ያሉበት ቦታ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት። ሲሞቅ ሠራተኞቹ በክንፋቸው ያራግባሉ። አውራዋ ግን ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ አይደለም የምትገናኘው፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር በላይ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ቀፎ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች የተለያየ አባት ልጆች ናቸው። አንዳንዷ ትንሽ ሲሞቅ ማራገብ ትጀምራለች፣ አንዳንዷ በጣም እስኪሞቅ አትነሳም። ይህ ልዩነት ነው ሙቀቱን የሚያረጋጋው። የአንድ ድንጉላ ልጆች ብቻ ባሉበት ቀፎ ሠራተኞቹ አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያቆማሉ፣ ሙቀቱም ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ይህ በሙከራ የታየ ነው። ቀፎውን ያቆመው መመሳሰል አይደለም።

በሰውም ያው ነው። በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ በተደረገ የከብት ባዛር ላይ፣ አንድ በሬ ታርዶ ተገፎ ስንት እንደሚመዝን ለመገመት 800 ሰው ገደማ ተወዳደረ። አራጅም ነበር፣ ገበሬም ነበር፣ ምንም የማያውቅም ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ ምሁር በኋላ ግምቶቹን ሰብስቦ ቢያሰላቸው መካከለኛው ግምት ከትክክለኛው ክብደት በአንድ በመቶ እንኳ አልራቀም። የእኛ የከብት ገበያም ብዙ ዓይን ስላየው ነው ዋጋው የሚገኘው። ግን ይህ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓይን ሲገምት ነው። 800 ሰው አንድ አእምሮ ከሆነ አንድ ግምት ብቻ ነው ያለው፤ ያ ግምት ሲስት ደግሞ «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ በሬ እንዲህ አይመዝንም» የሚለው የለም።

«አሲሞቭ እንኳ ጋያን መርጧል»

ጥሩ ነጥብ ነው፣ ካነሳሃቸው የልብ ወለድ ምሳሌዎች የተሻለውም ይሄ ነው። አዎ፣ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ በ1982ቱ «የፋውንዴሽን ጠርዝ» ላይ ድንጋዩም፣ እንስሳውም፣ ሰውም አንድ ንቃት የሚጋሩባትን ጋያ የምትባል ፕላኔት አሳይቶናል፤ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጎላን ትሬቪዝም ለጋላክሲው ሁሉ ያንን መንገድ መርጧል። አንተ ግን እዚያ ላይ አቆምክ።

ጋያ ለምን ትሬቪዝን ፈለገችው? ያ ሁሉ የጋራ አእምሮ ይህን ውሳኔ ብቻውን ሊወስን አልቻለም። ከውጭ የመጣ፣ ብቻውን የሚያስብ፣ እምቢም ሊል የሚችል አንድ ሰው አስፈለገው። ከዚያ በ1986 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ትሬቪዝ ለምን እንደመረጠ ራሱ ስላልገባውና ምርጫውንም ስላልወደደው ምክንያቱን ፍለጋ ምድርን ሊያገኝ ይንከራተታል። መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ምክንያት ደግሞ ደስታ አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። ከሌላ ጋላክሲ ጠላት ሊመጣ ይችላል የሚል ነው። ልብ በል ወንድሜ፦ ለሰላም ምስክር ብለህ ያቀረብከው ታሪክ አንድ አእምሮ የመሆንን ምክንያት የሚያገኘው በጦርነት ሥጋት ውስጥ ነው። ስለዚህ ምስክርህን እኔ ልጥራው።

«የገቡት ሁሉ ደስተኞች ናቸው፤ ልውጣ ያለ አንድም የለም»

ይህ ነጥብ ያስፈራኛል፣ ልንገርህ። የዛምያቲንን መጽሐፍ መጨረሻ አስታውስ። ዲ-503 የተባለው ሰው ሙሉ መጽሐፉን ሲጠራጠር፣ ሲወድድ፣ ሲሠቃይ እናነበዋለን። መጨረሻ ላይ መንግሥት ምናቡን የሚያጠፋ ቀዶ ሕክምና ያደርግለታል። ከዚያ በኋላ ይወዳት የነበረችው ሴት ዓይኑ እያየ ስትሠቃይ ምንም አይሰማውም፤ ደህና ነኝ፣ እናሸንፋለን ብሎ ይጽፋል። ደስተኛ ነው። እንዳንተ አነጋገር ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። የደስታውን ምስክርነት የሚሰጠው ግን ማን ነው? ቀዶ ሕክምናው ራሱ።

ልውጣ ያለ የለም ላልከው፣ ልውጣ የሚል ሰው እኮ መጀመሪያ ለብቻው መኖር አለበት። በ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ፊልም በ1992 በወጣ አንድ ክፍል፣ ቦርግ ከሚባለው የጋራ አእምሮ የተነጠለ አንድ ወጣት የመርከቧ ሰዎች ስም ሲያወጡለት፣ ወዳጅ ሲያገኝ፣ ቀስ በቀስ ስለ ራሱ እንደ አንድ ሰው መናገር ይጀምራል። በኋላ ወደ ቦርግ ተመልሷል፣ ያንን አልደብቅህም። የተመለሰው ግን ወዳጆቹን ከአደጋ ለማዳን መርጦ ነው። መምረጥ የቻለው ለብቻው ስለቆየ ነው።

«ምንም አይጠፋም፤ ጥበብም ትዝታም ሁሉ ተጠብቆ ይኖራል»

ጎጃም ተወልዶ ይህን መጻፍ ከበደኝ። የቅኔ አገር ሰዎች ነን እኮ። ዋሸራ፣ ጎንጂ፣ ዲማ ብለን ስንኮራ በምንድን ነው የምንኮራው? ተማሪው ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ለነገራ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ያርማል፣ ያፈርሳል፣ «ቤቱ ጎደለ» ይላል። የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው። ለትናንቱ በዓል የተባለ ቅኔ ለዛሬው አይደገምም። ማኅሌት ላይ ደግሞ እየው፦ ሊቃውንቱ ሁሉ አብረው ይዘምራሉ፣ አብረው ያሸበሽባሉ፣ ከበሮና ጸናጽሉ አንድ ልብ ነው፤ ቅኔው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ሰው ለብቻው ይቆማል፣ ሌሎቹ ጸጥ ብለው ያዳምጡታል። ሰሙን ሰጥቷቸው ወርቁን እነሱ ይፈልጋሉ። ወርቁን አስቀድሞ የሚያውቅ አድማጭ ካለ ቅኔ አይኖርም። የጋራው አእምሮ የጥንቱን ቅኔ ሁሉ ሊያከማች ይችላል፣ አምናለሁ። አንድ አዲስ ጉባኤ ቃና ግን ለማን ይቀኛል?

ከቅኔም እንውጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን ጉዱ ካሣን አስብ። አገሩ ሁሉ እብድ ነው አለው። ከእሱ በቀር ሁሉም በተስማማበት ሥርዓት ላይ ሕፀፁን ያየው እሱ ነበር። እኛ ዛሬ ስናነበው ልክ እሱ እንደነበር እናውቃለን። ያንተ ዓለም ጉዱ ካሣን አይገድለውም፣ አያስረውም። ይፈውሰዋል። በማግሥቱ እንደ ጎረቤቶቹ ያስባል፣ ፊታውራሪ መሸሻም ትክክል እንደሆኑ ይኖራሉ።

«ነፃነት ለራበው ሰው ምን ይሠራል?»

እስማማለሁ ያልኩህ ቦታ እዚህ አካባቢ ነው። ረሃብን በፍልስፍና ማለፍ አይቻልም። የራበው ልጅ ያለበት ቤት ስለ ነፃነት ንግግር ብታደርግ ማንም አይሰማህም፣ መስማትም የለበትም።

ግን ረሃባችን ከየት እንደመጣ ተመልከት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ እህል ብቻ አልነበረም የጠፋው። ረሃቡ ተደብቆ ነበር። የሚያውቁት ባለሥልጣናት ዝም አሉ፣ ጋዜጣው ዝም አለ፣ «ሰው እየሞተ ነው» ብሎ በነፃነት መናገር የሚችል አልነበረም፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ላይ እስኪያሳየው ድረስ ብዙው ዓለም አላወቀም። አማርትያ ሴን ስለ ረሃብ ብዙ ዓመት ያጠናው ምሁር ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ የረሃብ እልቂት አይደርስም ብሎ ሲከራከር የኖረው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው። ነፃነት ለራበው ሰው የሚሠራው ይህንን ነው፦ ተርቤያለሁ ብሎ እንዲናገር፣ የተናገረውም እንዲሰማ። አንድ ድምፅ ብቻ ባለበት ዓለም ያ ድምፅ ደህና ነን ካለ ደህና ነን ነው።

ጽሑፍህ ውስጥ የነካኝ አንድ አንቀጽ አለ፣ እሱን ሳልመልስ አላልፍም። አእምሯችን አንድ ቢሆን ገጠር ቀበሌ ውስጥ በምጥ የተያዘች እናት የሐኪም እውቀት ሁሉ አብሯት ይኖር ነበር ብለሃል። ስለ እሷ ማሰብህን አከብራለሁ። ሆኖም እውቀት ከሰው ወደ ሰው እንዲደርስ ሰው መጥፋት የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ፣ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ወጣት ሴቶች። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አስተማሩ። እናቶች ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ አንዳንዷ «አልሄድም» አለች፣ ልጅቷም ተመልሳ መጥታ አስረዳች። በብዙ ቦታ ለውጡ የመጣው በዚያ መመላለስ ነው። ዛሬ ያቺ እናት ጋር ያልደረሰው እውቀቱ አይደለም። የወሊድ ደም መፍሰስን የሚገታው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ነው፣ ደም ነው፣ ክፍት መንገድ ነው፣ ነዳጅ ያለው አምቡላንስ ነው። ስለ እነዚህ ጻፍ፣ አብሬህ እጽፋለሁ።